የመጀመሪያው ጥይት

ጥይቱን የሰማነው እናቴ ላሞቹን አልባ ስትገባ ነው።

በእኛ ሸለቆ ያለች ሴት ሁሉ የባሏን ጠመንጃ በድምፁ ትለያለች። እኔም ገና በስምንት ዓመቴ እለይ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጠመንጃ ደረቅ ሳል ይመስላል፤ የደን ጠባቂው ቀጭን ነው፤ የአባቴ ደግሞ አንዴ ጧ ብሎ ያበቃል፣ ገደሉ እንኳ አያስተጋባውም። የዚያን ዕለት ጠዋት ከላይ ከግጦሹ በኩል የመጣው ግን ወፍራምና ሰፊ ነበር። ተንከባሎ ተንከባሎ እኛ ወጥ ቤት ሲደርስ የድስት ክዳኖቹን አንቀጠቀጣቸው።

«የአባዬ አይደለም» አልኩ።

እናቴ ክሬሴንስ ባልዲውን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «የሱ ነው» አለች ቆይታ። «ጭጋጉ ነው ያወፈረው።» ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠች መስሏት ጫፉ ላይ ብታሳርፈው ወተቱ ወለሉ ላይ ተደፋ። እኔ ደፍቼው ቢሆን ኖሮ ጆሮዬ አይተርፍም ነበር። እሷ ግን መወልወያም አላነሣች። ድመቷ እስክትጠግብ ስትልስ፣ እሷ በመስኮቱ ወደ ላይ ወደ ጫካው ታያለች።

አባቴ ቪጊል ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ጭረት ነበረበት፣ ደሙ ገና አልደረቀም። «ቅርንጫፍ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው። አረቄ ቀድቶ በቁሙ ጨለጠና፣ «አንድ አጋዘን አቁስያለሁ። ሆዱን ነው የመታሁት። አባ ሮሜድን ከነውሻቸው ጥሩልኝ» አለ።

አባቴ ስቶ አያውቅም። ሸለቆው ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ስለ መተኮስ ሲያወራ አንድ ጊዜ የአባቴን ስም ሳያነሣ አይጨርስም ነበር። በእኛ ዘንድ አጋዘንን ሆዱን መምታት ደግሞ በቅዳሴ መሀል ተነሥቶ እንደ መሳደብ ያለ ነገር ነው። ሆዱን የተመታ እንስሳ ቶሎ አይሞትም፤ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ሲቃትት ይውላል። ያቆሰለው ሰው ፈልጎ እስኪገላግለው ድረስ እህል በጉሮሮው አይወርድም። ሳያገኘው ከቀረ የአዳኞቹ ማኅበር ጠመንጃውን ይነጥቀዋል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣም ሰዎቹ እሱን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ስለዚህ በዚያ ቀን እኔ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጋዘኑ ይገኝና የአባቴ ስም ይትረፍ።

እናቴ ግን ስለ አጋዘኑ አንድ ቃል አልጠየቀችም። «ካሲያን የት ነው?» አለች።

«ይመጣል» አለ አባቴ። «እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።»

ካሲያን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከጋጣው በላይ ባለው ክፍል ብቻውን ይተኛል። እኔ ላሞች ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር፤ ራሱም «ላሞች ሌሊት አያወሩም» ይለኝ ነበር። ከእንጨት ፊሽካ ይቀርጽልኛል፣ ጀርባው ላይ አዝሎ ወንዙን ያሻግረኛል። እውነቱን ለመናገር ከአባቴ ይልቅ እሱን ሳልወድ አልቀረሁም።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። በእኛ አገር እርሻ አይከፈልም። ሙሉው ለአንድ ልጅ ይሰጣል፤ የቀሩት ወይ አገር ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ ወንድማቸው ቤት አገልጋይ ሆነው ያረጃሉ። እርሻው የካሲያን ነበር። ጦርነት ሄዶ ሲቀር ሞቷል ተባለ፤ ፍትሐት ተፈታለት፣ ስሙ ከሟቾቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተቀረጸ፣ እርሻውም ለአባቴ ዞረ። ካሲያን ከሩሲያ እስር ቤት ተለቆ በእግሩ ሲገባ ወንድሙ አግብቶ እኔን ወልዷል። የተፈረመው ነገር አልተመለሰም። ስሙንም ከግድግዳው እንፋቀው ቢባል ድንጋዩ ይበላሻል ተብሎ ቀረ። ካሲያን በየእሑዱ ከራሱ ስም ሥር ቁጭ ብሎ ያስቀድስ ነበር። እኔ ደግሞ ስሙ ግድግዳ ላይ የተጻፈ አጎት ስላለኝ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ እኮራ ነበር።

ሆዱን የተመታ አጋዘን ወዲያው አይከተሉትም። ከተከተሉት ተነሥቶ ተራራውን ይሻገራል፤ ከተዉት ግን ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይደክማል። ስለዚህ እስከ ቀትር ወጥ ቤት ተቀምጠን ጠበቅን። አባ ሮሜድ፣ የሸለቆው ቄስ፣ የቆዳ ቁምጣቸውን ለብሰው ፒፓቸውን ነክሰው መጡ። ሴንታ የምትባለው ቀይ ውሻቸው ጆሮዋን እየጎተተች ምድጃው ሥር ተጋደመች። ቆስሎ የጠፋን አጋዘን አፈላልጋ የምታገኝ ውሻ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ካሲያን ገባ፤ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ።

የገብስ ሾርባ ቀረበ፣ የታጠነ የአሳማ ሥጋና ጠንካራው ዳቦ ቀረበ። ማንም አልነካውም። አባቴ ዳቦውን ወደ ወንድሙ ገፋ አደረገለትና «ብላ፤ ሩቅ ነው የምንሄደው» አለው። ካሲያን ቆርሶ ወደ አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠው። ለወንድሙ ክብር አዝኖ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

«እኔም ጠመንጃ ልያዝ?» ሲል ጠየቀ ካሲያን ቀና ሳይል።

«አያስፈልግህም። የኔ ለሁላችንም ይበቃል» አለ አባቴ።

እኔ ልሂድ ብዬ ስለምን አባቴ ልጅ የሚያየው ነገር አይደለም ብሎ ቆረጠው። እናቴም እንዲያ እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምክንያቱም እሷ አሳማ ሲታረድ እንኳ መጋረጃ የምትዘጋ ሴት ናት። እሷ ግን ካፖርቴን ከሚስማሩ አወረደች።

«ቡርጊ ትሂድ» አለች።

«ዜንዚ» አለ አባቴ እናቴን አቆላምጦ፣ በለሆሳስ።

«ትሂድ አልኩ።» ቁልፎቼን አንድ በአንድ እየቆለፈችልኝ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ። «ከአባትሽ አትራቂ። የትም ቢሄድ እጁን ይዘሽ ሂጂ። ሰማሽኝ?» እጆቿ በረዶ ሆነው ነበር። እኔ ግን በደስታ መሬት አልበቃኝም።

አባቴ አድብቶ የሚያድንበት ማማ ከግጦሹ በላይኛው ጫፍ፣ ጀርባውን ለጫካው ሰጥቶ የቆመ ነው። አራት እግር ላይ የተሰቀለ የሣንቃ ሳጥን ማለት ነው፤ ፊቱ ወደ ታች ወደ ሜዳው ክፍት ሲሆን ጎኑና ጀርባው ዝግ ነው። አባ ሮሜድ ሴንታን ከዛፍ ጋር አስረው አባቴን ይጠይቁት ጀመር። እንዲህ ያለ ፍለጋ የሚጀምረው ከውሻው ሳይሆን ከተኳሹ ነው። የት ተቀምጠህ ነበር፣ የት ቆሞ ነበር፣ ሲመታ ዘለለ ወይስ ጎበጠ፣ በየት ሮጠ። ተኳሹ ከዋሸ ውሻዋ ባዶ ቦታ ስትዞር ትውላለች፣ እንስሳውም በሕመሙ ይቀራል። አባቴ ጫማውን እያየ መለሰ፤ አጋዘኑ የቆመው እዚያ ነው ብሎ ከማማው በላይ ያለውን የጫካ ጠርዝ አሳየ።

«ከኋላህ?» አሉ አባ ሮሜድ።

«ወርጄ ነበር። ከመሬት ነው የተኮስኩት።»

አባ ሮሜድ ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው መልሰው ነከሱት። ወደ ላይ ወጥተው ሣሩን በጉልበታቸው ሆነው አበጠሩ። የተቆረጠ ፀጉር አገኙ፤ ቅጠል ላይ ጥቂት ደምና አረንጓዴ ነገር አገኙ፤ ቦታውን በተቀነጠሰ የጥድ ዝንጣፊ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ዞረው ወደ ታች፣ ወደ ማማውና ከማማው ወዲያ ወዳለው ሜዳ አዩ።

እኔ በዚህ መሀል መሰላሉን ወጥቼ ማማው ውስጥ ገብቻለሁ። አባቴ በሚቀመጥበት ተቀምጬ እጄን እንደ ጠመንጃ ዘረጋሁ። ያኔ ነው ቀዳዳውን ያየሁት። አንዱ በግራው ሣንቃ ላይ ነው፣ ሌላው በኋለኛው። ጣቴ ገባበት። ዙሪያው የተሰነጠቀው እንጨት ነጭ ነበር፤ ሙጫው ይሸታል። ከኋለኛው ቀዳዳ ዓይኔን አስጠግቼ በግራው በኩል ወደ ውጪ ባይ፣ ከሜዳው ግርጌ ያለው የጥድ ጥሻ ክብ ሆኖ ታየኝ።

«አባ ሮሜድ፣ ማማው ተበስቷል!» ብዬ ጮህኩ። «በቀዳዳው ጥሻው ይታያል!»

ካሲያን ከታች ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ግንደ ቆርቁር ነው» አለ አባቴ።

ተናደድኩ። ወፎችን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ግንደ ቆርቁር የደረቀ ግንድ እንጂ ሣንቃ እንደማይበሳ፣ ቀዳዳውም እንዲህ እንዳልሆነ የነገረኝ እሱ ነው። አባ ሮሜድ መሰላሉን ወጡ። አጠገቤ አጎንብሰው በአንድ ዓይናቸው በቀዳዳው አዩ። የፒፓቸው እሳት ጠፍቶ ነበር፤ ትንፋሻቸው ግን ይሰማኛል። ከዚያ ወርደው ካሲያንን አዩት፣ አባቴን አዩት፣ የአባቴን ጉንጭ አዩት።

«አዎ፣ ግንደ ቆርቁር ነው» አሉ።

ቄስ ይዋሻል እንዴ? በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት የማምናቸው ሰዎች ዓይኔ እያየ ዋሹኝ።

አሁን በግልጽ ልናገረው። ካሲያን ጥድ ጥሻው ውስጥ ሆኖ፣ ከጦርነቱ ዘመን በደበቀው ጠመንጃ፣ ማማው ላይ በተቀመጠው ወንድሙ ላይ ተኮሰ። ለጥቂት ሳተው፤ የሣንቃው ስንጣሪ ግን ጉንጩን ጫረው። ጥይቱ ሁለቱን ሣንቃ በስቶ ሲያልፍ፣ ከኋላ ከጫካው ብቅ ያለውን አጋዘን ሆዱ ላይ አገኘው። አባቴ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችል ነበር። ነገር ግን የቆሰለ እንስሳ ጥሎ መግባት በእሱ አቅም የሚሆን ነገር አይደለም፤ ከእናቱ ጡት የጠባው ሕግ ነው። አጋዘኑ ከተገኘ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ያለው ጥይት ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ይታወቃል፣ ካሲያን ወህኒ ይወርዳል። ስለዚህ ያቆሰልኩት እኔ ነኝ ብሎ ነውሩን ወስዶ፣ ወንድሙን ሊያጋልጥ የሚችለውን ብቸኛ ውሻ ራሱ አስጠራ። የጠመንጃውን ድምፅ የለየችው እናቴ እኔን ለምን እንደላከችኝ የገባኝ ደግሞ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ካሲያን ልጅ ባለበት አይደፍርም ብላ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

ሴንታ በጠፍሯ እንደታሰረች አፍንጫዋን መሬት ላይ ተክላ ጎተተችን። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ስትጠራጠር ቆማ ጌታዋን ታያለች፣ ከዚያ እንደገና ታሸታለች። እዚህ አንድ ጠብታ ደም፣ ወዲያ ድንጋይ ላይ የታሸ ነገር፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም። አባ ሮሜድ ካሲያንን ከአጠገባቸው አድርገው የጠፍሩን ጫፍ አስይዘውታል። ቀናሁ። ጠፍሩን መያዝ የክብር ቦታ ነው፤ ምናለ ለአባቴ ቢሰጡት እያልኩ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ቁልቁለቱ ላይ አጋዘኑ ተኝቶ የተነሣበት ቦታ አገኘን። ሣሩ ሰውነቱን ያህል ተደፍጥጦ መሀሉ ጠቁሯል። ካሲያን ተንበርክኮ መዳፉን አሳረፈበት።

«ይሞቃል» አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትከሻው ብቻ እየተነሣ።

ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ለአጋዘኑ ነው ብዬ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት፤ አባዬ ያገኘዋል አልኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ የሌላ ሰው ዓይን መሰለኝ። እስከ ዛሬ ያን ዕንባ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

እዚያው አረፍን። አባ ሮሜድና አባቴ ግንድ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ማንንም አልጠራም፣ የሱን ነገር ለእግዜር ትቼዋለሁ» አሉ አባ ሮሜድ። «ግን ዛሬ የት ሊያድር ነው?»

«የት ያድራል? ቤቱ ነዋ።»

«ቪጊል፣ ሚስት አለህ። ልጅ አለህ።»

«አለኝ። እሱስ ምን አለው?»

ስለ አጋዘኑ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። እውነትም ምን አለው፣ ጥሻና ሕመም ብቻ ነው ያለው ብዬ አዘንኩ።

ውሻዋ ከሸለቆው ግርጌ ወንዙ ጋ ስትደርስ አቀበቱን እስኪያስተጋባ ጮኸች። ሆዱን የተመታ አጋዘን ውኃ ይፈልጋል፤ ወንዙ ውስጥ ነበር። ጀርባውን ለአለቱ ሰጥቶ ውኃው እስከ ጉልበቱ ደርሶ ቆሟል። ቀንዱ ከብዶት አንገቱ ወደ ታች ወርዷል፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ከሆዱ የሚወርደው ነገር ውኃውን አቅልሞታል። ዓይኑ ግን ንቁ ነው፤ እኛን ያያል። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ ማየት አልፈለግኩም። ልወደው የመጣሁት ነገር ሁሉ አስጠላኝ።

አባ ሮሜድ ሴንታን ስበው ጠፍሯን አሳጠሩ። አባቴ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጥይት አጎረሰ። ተንበርክኮ ይተኩሳል ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል ዞሮ ጠመንጃውን ለካሲያን ዘረጋለት።

«አንተ ጨርሰው» አለው።

ካሲያን አልተቀበለውም። አባቴ እጁን ይዞ ጠመንጃውን መዳፉ ላይ አኖረለት። አባ ሮሜድ «ቪጊል» ሲሉ ፒፓቸው ከአፋቸው ወደቀ፣ አላነሡትም። አባቴ ጀርባውን ለወንድሙ ሰጠና ወደ ውኃው ቁልቁል መራመድ ጀመረ። ምን ሊያደርግ እንደሚወርድ ለማንም አልተናገረም። ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፣ እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

እኔ ያሰብኩት ይህን ነው፤ አባቴ አፈረ፣ እጁን ማመን ተወ፣ ስለዚህ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ሊሸሽ ነው። ብቻውን ሲወርድ ሳየው አልቻልኩም። እናቴም ያዘዘችኝ ነገር ነበር። ሮጥኩ። ድንጋዩ ላይ እየተንሸራተትኩ ደረስኩበትና እጁን ያዝኩት።

እጁ በላብ ርሷል። ደንግጦ ወደ ታች ሲያየኝ የማያውቀኝ ሰው ይመስል ነበር። ጣቶቼ እስኪያሙኝ ጨመቃቸው። ከዚያ ጠመንጃው ከበላያችን ጧ አለ። ገደሉ አላስተጋባውም። አጋዘኑ የፊት እግሮቹ ታጠፉና ውኃው ውስጥ በጎኑ ጋደም አለ።

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የተገደለ አጋዘን በእኛ ዘንድ ያለ ሥርዓት አይተውም። አባ ሮሜድና ካሲያን ጎትተው አወጡት፤ አባ ሮሜድ ዝንጣፊ ቀንጥሰው የመጨረሻ ምግቡ እንዲሆን አፉ ውስጥ አኖሩለት። ከዚያ ሌላ ዝንጣፊ ቆርጠው በቁስሉ ደም ነከሩትና ባርኔጣቸው ላይ አስቀመጡት። ይህኛው የተኳሹ ነው፤ ባርኔጣው ላይ ሰክቶት ወደ መንደር ይገባል። የሚሰጠውም ለመጨረሻው ጥይት ባለቤት አይደለም። የመጀመሪያውን ጥይት ላሳረፈው ነው። በሬሳው ፊት ሆኖ በዚህ ነገር የሚዋሽ አዳኝ የለም።

አባ ሮሜድ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። በአባቴ አጠገብ አልፈው ሄዱ። ካሲያን ፊት ቆሙና ዘረጉለት።

«ተሳስተዋል!» ብዬ ጮህኩ። «የአባዬ ነው! የመጀመሪያውን የተኮሰው አባዬ ነው!»

አባ ሮሜድ አልዞሩም። ካሲያን ዝንጣፊውን ያያል እንጂ እጁን አያነሣም፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያኔ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። ዝንጣፊውን ከባርኔጣው ላይ አነሣው።

«ልክ ነዎት አባ። የመጀመሪያው ጥይት የሱ ነው» አለና በገዛ እጁ ወንድሙ ባርኔጣ ላይ ሰካለት። ጣቱ ላይ የቀረውን ደም ሱሪው ላይ ጠረገ።

አበድኩ። አባቴን ውሸታም አልኩት፤ ፈሪ ሁሉ ሳልለው አልቀረሁም። ቀኑን ሙሉ የለፋንበትን ክብሩን እንደ ቆሻሻ ለሌላ ሰው ወርውሮ ሲሰጥ አይቻለሁ ብዬ እስከ ቤት ድረስ እያለቀስኩ ከኋላ ተከተልኳቸው። እጁን ቢሰጠኝም አልያዝኩትም። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ አባቴን አየች፤ ከዚያ የካሲያንን ባርኔጣ አየች። እኔን ስባ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቅፋ ያዘችኝ፣ ጨርሶ አልለቅ አለችኝ። ጥይቱን ከሥጋው ውስጥ ማን እንዳወጣውና የት እንደጣለው አልሰማሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሲያን በአባቴ ትእዛዝ ከጋጣው ወጥቶ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ይተኛ ጀመር። እኔ በጣም ደስ አለኝ።

አባቴ ነገሩን የነገረኝ ሊሞት ሰሞን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ማዕድ ላይ፣ አንድ ድስት ተካፍለን በልተናል። ታዲያ ጠመንጃውን ለምን ሰጠኸው አልኩት።

«በየቀኑ ወደ ኋላዬ እያየሁ መኖር አልችልም ነበር» አለኝ። «ከሆነም እዚያው ይሁን ብዬ ነው። ጀርባዬን ሰጠሁት። አልተኮሰም። ያን ቀን ወንድሜ ከጦርነቱ ተመለሰልኝ።» ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨው ነበር፤ እኔ ከኋላው መኖሬን መርሳቱ። ሲሞት በሌላው ነገር ልቡ ሙሉ ነበር።

ካሲያን ከእሱ በኋላም ኖረ። እርሻው የእኔ ሆኗል፤ አካሉ ሲዝልበት የማስታምመውም እኔው ነኝ። አባቴ ይቅር ያለውን እኔ ምን ብዬ እጠላዋለሁ ብዬ ልቤን አሳምኜ፣ በየቀኑ ትራሱን ደግፌ በማንኪያ አበላዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ መስኮቱ ላይ በረዶ እየጣለ፣ የገብስ ሾርባውን ግማሽ ያህል ከጠጣ በኋላ ያለ ምንም ምክንያት ተናገረ።

«ያን ቀን ወንዙ ዳር» አለ። «ጀርባውን አልሜ ነበር።»

«የአጋዘኑን?» አልኩት።

«የቪጊልን። ከትከሻው መሀል። ቃታውን ልስብ ስል አንቺ ሮጠሽ ገባሽ።» ጣቱን አንሥቶ ከዓይኑ ፊት ወዲህና ወዲያ አወዛወዘው። «ሹሩባሽ እንዲህ እንዲህ ይላል። ጠብቄሽ ነበር፣ ከፊቴ ዞር እስክትይ። አልዞርሽም። ከዚያ ወደ አጋዘኑ አዞርኩት።»

ይቅርታ አልጠየቀ፣ ዓይኑን አልሰበረ። አባቴ ይህን ሳያውቅ፣ ወንድሜ ተመለሰልኝ ብሎ መቃብር ገብቷል፤ ልንገረው ብል የምነግረው ሰው የለም። ልጅ ባለበት አይደፍርም ብላ እናቴ የጣለችው ዕጣ አልሳተም፤ እሷም ይህን ሳታውቅ ሞታለች። ጠብቄሽ ነበር ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ያኔ እጁን ለቅቄ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብል ኖሮ የሚሆነውን አሁን ድረስ አያለሁ።

ካሲያን አፉን ከፍቶ ቀጣዩን ማንኪያ ይጠብቃል። አገጩ ላይ የፈሰሰውን ጠረግኩለት። ማንኪያውን ሞላሁና ወደ አፉ አደረስኩት።